የዱር እንስሳ ጉድ ሲሠራ ማየት ከፈለጋችሁ መዞሩን ተዉትና ተቀመጡ

ብዙ ሰው የዱር እንስሳ ለማየት ሲወጣ ይሮጣል። አንዱን ያያል፣ ፎቶ ያነሳል፣ ወደ ሌላው ያልፋል። እንዲህ ከሆነ የምታዩት ቆሞ እናንተኑ የሚያይ እንስሳ ብቻ ነው። ጉዱ የሚመጣው እንስሳው ረስቷችሁ ወደ ራሱ ኑሮ ሲመለስ ነው፤ ለዚያ ደግሞ ግማሽ ሰዓት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ዝም ብሎ መቀመጥ ይጠይቃል። ይሰለቻል፣ አልዋሽም።

ንጋትና አመሻሽ ጥሩ ሰዓት ናቸው። ቦታው ውኃ ዳር፣ ፍሬ የያዘ ዛፍ ወይም የጉንዳን ሰልፍ ያለበት ቢሆን ይመረጣል፤ እንስሳቱ ራሳቸው ይመጡላችኋል። ነፋሱ ከእነሱ ወደ እናንተ ይንፈስ፣ አለበለዚያ ገና ሳታዩአቸው ሸትተዋችሁ ይሄዳሉ። መኪና ውስጥ ከሆናችሁ ሞተሩን አጥፉና አትውረዱ።

ርቀቱን ለማወቅ ክንዳችሁን ዘርግታችሁ አውራ ጣታችሁን አቁሙ፣ አንድ ዓይናችሁንም ጨፍኑ። ጣቱ እንስሳውን ሙሉ በሙሉ ካልሸፈነው ቀርባችኋል። እኔ ግን ከጣቱ ይልቅ እንስሳውን አምናለሁ፦ መብላቱን አቁሞ ቀና ካለ፣ ጆሮውን ወደ እናንተ ካዞረ፣ ልጆቹን ከሰበሰበ፣ ቀስ ብላችሁ ወደ ኋላ በሉ። ከዚያ በኋላ የሚያደርገው ሁሉ እናንተን በመፍራት ነው፤ የተፈጥሮ ጠባዩ ነው ብላችሁ ብታወሩት ውሸት ይሆናል።

አሁን ወደ ዋናው። አንድ ያልተለመደ ነገር ስታዩ ያያችሁትንና የገመታችሁትን አትቀላቅሉ። ዝንጀሮ ሲያዛጋ እንቅልፉ መጣ እንላለን፤ ያን ክራንቻ ማሳየቱ ግን ብዙ ጊዜ ውጥረት ወይም ማስፈራሪያ ነው። መሬት ላይ እንቁላል የሚጥሉ አንዳንድ ወፎች ደግሞ ክንፋቸው እንደተሰበረ እየተጎተቱ ከፊታችሁ ይሄዳሉ። አዝናችሁ ስትከተሏቸው ከጎጆው ያርቋችሁና ብድግ ብለው ይበራሉ። እዚህ ላይ ወፏን አትከተሉ፣ እግራችሁ ሥር ተመልከቱ፣ በመጣችሁበት ተመለሱ።

ስለዚህ ማስታወሻችሁ ላይ «ተናደደ» አትበሉ። «ሁለት ጊዜ አዛጋ፣ ቅንድቡን አነሳ፣ ሌላኛው ቦታውን ለቆለት ሄደ» በሉ። ሰዓቱ፣ ቦታው፣ ስንት እንደነበሩ፣ ከዚያ በፊትና በኋላ ምን እንደሆነ ይግባ። እዚያው ጻፉት ወይም በስልካችሁ በድምፅ ቅዱት፤ ማታ ቤት ገብታችሁ ስታስታውሱት ታሪኩ አምሮ ይጠብቃችኋል። ቪዲዮ ከፎቶ ይሻላል። ጉዱ አለቀ ብላችሁ ካሜራውን ቶሎ አትዝጉ።

ይህ ሁሉ ጣጣ ለምን? መንዝ ጓሳ ላይ ቀይ ቀበሮ በጭላዳ ዝንጀሮ መንጋ መሀል እየተንጎራደደ አይጥ ያድናል፣ ጭላዳዎቹም አይሸሹትም፣ እሱም ግልገሎቻቸውን እምብዛም አይነካም። ይሄ ብቻውን ጥሩ ወሬ ነው። ተመራማሪዎቹ ግን የከሸፉትንም ሙከራዎች አብረው ቆጠሩ፤ በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት ቀበሮው ከጭላዳዎቹ ጋር ሲሆን ከሙከራው 67 በመቶው ይሳካለታል፣ ብቻውን ሲሆን 25 በመቶው ብቻ። የተሳካውን ብቻ ቢመዘግቡ ኖሮ ይህ ልዩነት አይታይም ነበር። ባሌ ላይ ደግሞ ያው ቀበሮ የአበባ ማር ሲልስ ታይቷል፣ አንዳንዱ በአንድ ዙር እስከ 30 አበባ ያዳርሳል፣ አፍንጫውም በአበባ ዱቄት ይሸፈናል። በ2024 እ.ኤ.አ. የወጣው ጽሑፍ «ምናልባት አበባውን ያራባ ይሆናል» አለ እንጂ «ያራባል» አላለም። እንዲህ ያለ ጥንቃቄ ደስ ይለኛል።

ተመራማሪ አይደለሁም የሚል ካለ፣ እንግሊዝ አገር በር ላይ የተቀመጠ የወተት ጠርሙስ ክዳን እየቀደዱ ክሬሙን የሚጠጡ ትናንሽ ወፎች ነበሩ። በ1921 እ.ኤ.አ. ከታየው ጀምሮ ልማዱ ከቦታ ቦታ እንዴት እንደተዛመተ በ1949 እ.ኤ.አ. በካርታ የተሠራው ተራ ሰዎች የትና መቼ እንዳዩ በላኩት መረጃ ነው።

ሁለት ነገር ላይ ቀልድ የለም። የዱር አጥቢ እንስሳ ሳይፈራ ወደ እናንተ ከመጣ፣ ከተንገዳገደ ወይም ለሃጩ ከተዝረበረበ፣ «ወደደኝ» አትበሉ፤ የእብድ ውሻ በሽታ ሊሆን ይችላል። ራቁ፣ ለአካባቢው ኃላፊዎች ንገሩ። ከነከሳችሁ ወይም ከቧጨራችሁ ቁስሉን በሳሙናና በውኃ ለ15 ደቂቃ እጠቡና በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ሂዱ። ሌላው፣ ብቻውን የተኛ ግልገል ስታገኙ አታንሱት። ብዙ እናቶች ለግጦሽ ሲሄዱ ልጃቸውን ደብቀው ነው የሚሄዱት፤ እናንተ እስካላችሁ ድረስ አትመለስም።

ያያችሁትን ለሰው ስታካፍሉ ብርቅ እንስሳ ከሆነ ትክክለኛ ቦታውን አትናገሩ፣ አዳኝም ያነበዋል። አይናቹራሊስት የሚባለው አፕ የመጥፋት አደጋ ላይ ያሉትን ዝርያዎች ቦታ ራሱ ያደበዝዛል፣ ዝርያውንም ሌሎች ያዩና ያርሟችኋል። ቪዲዮው ላይ ደግሞ እባካችሁ ሙዚቃ አትጫኑበት፤ የእንስሳው ድምፅ ራሱ መረጃ ነው።