ባለ 24 ቮልት የጭነት መኪና ላይ 12 ቮልት ከአንዱ ባትሪ አትጥለፉ

አዳማ ላይ ከሥራ የወጣ ኤንትሬ ወይም ሌላ ከባድ መኪና ገዝታችሁ ለቤተሰብ ማደሪያ እያሠራችሁ ከሆነ፣ አንድ ነገር አደራ፦ ለመብራቱ፣ ለውሃ ፓምፑና ለትንሿ ፍሪጅ የሚሆነውን 12 ቮልት ከሁለቱ ባትሪዎች ከአንዱ ብቻ እንዳታስጠልፉ። ርካሽና ፈጣን ስለሆነ ብዙ ጊዜ የሚሠራው እንደዚያ ነው።

ባትሪዎቹ በተከታታይ ስለተያያዙ ዲናሞው የሚቆጣጠረው ድምሩን ነው፤ 28 ቮልት ገደማ። የተጠለፈው 13 ላይ ሲቀር፣ ያልተነካው 15 ይደርሳል። አንዱ ሳይሞላ ይኖራል፣ ሌላው ይፈላል። በአዳማ ሙቀት ደግሞ የባትሪው ውሃ ቶሎ ያልቅና በውስጡ ያሉት የእርሳስ ሳህኖች ይጋለጣሉ። ከባትሪው ሳጥን የተበላሸ እንቁላል ሽታ ከመጣ ሞተሩን አጥፉ፣ እሳት አታስጠጉ፤ በተለይ ልጆቹን አርቁ።

ሞተሩ እየሠራ እያንዳንዱን ባትሪ ለየብቻ በቴስተር ለኩ። ልዩነቱ ከ0.3 ቮልት ካለፈ ወይ ጠለፋ አለ፣ ወይ አንዱ ባትሪ ደክሟል።

መፍትሔው ከ24 ወደ 12 የሚያወርድ ኮንቨርተር ነው። ለእነዚህ ዕቃዎች ባለ 20 አምፔር ይበቃል። ከሁለቱም ባትሪዎች ጫፍ በ24 ቮልት ይገናኝ፤ በፖዘቲቩ ገመድ ላይ ከባትሪው ከአንድ ስንዝር ሳይርቅ ባለ 15 አምፔር ፊውዝ ይግባ። ከኮንቨርተሩ ወደ ዕቃዎቹ የሚሄደው ባለ 6 ካሬ ሚሊ ሜትር ገመድ ይሁን፤ ቀጭኑ ይግልና ፍሪጁ ሲነሳ ቮልቱን ይጥላል። ኮንቨርተሩን አየር በሚያገኝበት ቦታ እሰሩት።

ባትሪ ስትቀይሩ ሁለቱንም አንድ ላይ፣ በአንድ ዓይነት ቀይሩ።