58 ሚሊቮልት፦ የትራንዚስተርን ወለል ጠረጴዛችሁ ላይ ለኩት

ጅማ ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ ለማስጠናቸው የ11ኛ ክፍል ልጆች ስለ አዳዲሶቹ ኃይል ቆጣቢ ቺፖች ከማውራቴ በፊት የትራንዚስተርን ወለል አስለካቸዋለሁ። ትራንዚስተር ጌት በሚባለው እግሩ ቮልቴጅ ከረንትን የሚከፍትና የሚዘጋ ማብሪያ ማጥፊያ ነው፤ ወለሉ ከረንቱን አሥር እጥፍ ለማሳደግ የጌቱ ቮልቴጅ ሊጨምር የሚገባው ትንሹ መጠን ነው። በድንጋይ ባትሪ ስለሚሠራ መብራት ቢጠፋም አይቋረጥም።

2ኤን7000 የሚባለውን ትራንዚስተር፣ ሁለት ባለ 1.5 ቮልት ድንጋይ፣ የ100 ኪሎ ኦም ሬዚስተር፣ የ10 ኪሎ ኦም ተስተካካይ ሬዚስተርና ቴስተር ያዙ። ተስተካካዩ በካቻቪቴ ብዙ ዙር የሚዞረው ይሁን። ባለ አንድ ዙሩ ገና ሲነካ ይዘላል፤ እኔ ከሰዓቱን ሙሉ ያባከንኩት በእሱ ነው።

የትራንዚስተሩን ጠፍጣፋ ፊት ወደ ራሳችሁ፣ እግሮቹን ወደ ታች ብታደርጉ ከግራ ወደ ቀኝ ሶርስ፣ ጌት፣ ድሬን ናቸው። የአንዱን ድንጋይ ፖዘቲቭ ከሌላው ኔጌቲቭ ጋር ቀጥሉ። ሶርሱን ከኔጌቲቭ፣ ድሬኑን በ100 ኪሎ ኦሙ በኩል ከፖዘቲቭ አገናኙ። የተስተካካዩ ዳርና ዳር እግሮች ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ላይ፣ መሃሉ ጌቱ ላይ ይግባ።

100 ኪሎ ኦሙ ላይ 10 ሚሊቮልት እስኪነበብ ቀስ ብላችሁ አዙሩና በጌትና በሶርስ መካከል ያለውን ቮልቴጅ ጻፉ። አሁን 100 ሚሊቮልት እስኪሆን አዙሩና የጌቱን እንደገና ጻፉ። ከረንቱ ከ0.1 ወደ 1 ማይክሮ አምፔር፣ ማለትም አሥር እጥፍ አድጓል። የሁለቱ የጌት ቮልቴጆች ልዩነት የምንፈልገው ቁጥር ነው። ርካሽ ቴስተር ከንባቡ ጥቂት ይቀንሳል፤ ግን ከሁለቱም በተመሳሳይ መቶኛ ስለሆነ አያሳስብም። ትራንዚስተሩን በጣት አትንኩት፣ የሰውነት ሙቀት ብቻውን ንባቡን ያንቀሳቅሰዋል።

ክፍሉ 20 ዲግሪ ገደማ ከሆነ ቁጥራችሁ ከ58 ሚሊቮልት በላይ ይሆናል። በተራ ትራንዚስተር ከዚያ በታች አይወርድም። ኤሌክትሮኖቹ የጅማውን የጅሬንን ዳገት እንደሚወጣ ሰው በትራንዚስተሩ ውስጥ ያለውን የኃይል ዳገት በሙቀት ጉልበት ይወጣሉና፣ ወለሉን የሚወስነው ሙቀቱ ነው። ቡና ሲቀዳ ትራንዚስተሩን በፕላስቲክ ጠቅልላችሁ ትኩሱን ሲኒ አስደግፉትና ድገሙት። በ60 ዲግሪ ወለሉ ወደ 66 ከፍ ይላል።

ይህ ቁጥር ለምን ያሳስበኛል? ቺፕ በየቅያሪው የሚፈጀው ኃይል በቮልቴጁ ካሬ ይሄዳል፤ ቮልቴጁን በግማሽ መቀነስ ፍጆታውን ሩብ ያደርገዋል። ነገር ግን በጠፋና በበራ መካከል የ10,000 እጥፍ ልዩነት ለማግኘት ቢያንስ 4 ጊዜ 58፣ ማለትም 232 ሚሊቮልት ያስፈልጋል። በሦስት ጎን ወይም ዙሪያውን በጌት የተከበቡት ዘመናዊ ትራንዚስተሮች ወደ ወለሉ ይጠጋሉ እንጂ አይሻገሩትም።

ለመሻገር የታሰቡት ሌሎች ናቸው። በተነል ትራንዚስተር ኤሌክትሮኖች ዳገቱን አይወጡም፣ ሰርስረውት ያልፋሉ። ተመራማሪዎቹ ሳላሁዲንና ዳታ ደግሞ በ2008 (እ.ኤ.አ.) ጌቱ ላይ ፌሮኤሌክትሪክ (የኤሌክትሪክ አቅጣጫውን ራሱ ይዞ የሚቆይ) ንጣፍ ጨምሮ ቮልቴጁን ማጎልበት እንደሚቻል ሐሳብ አቀረቡ። እኔን የሚስበኝ ተነሉ ነው፤ በላብራቶሪ ከ60 ሚሊቮልት (የክፍል ሙቀት ወለል በተጠጋጋ ቁጥር ሲጠራ) በታች ታይቶበታል። ሲበራ የሚያሳልፈው ከረንት ማነሱ ግን ትልቅ ችግሩ ነው።

ስለዚህ “ከ60 በታች” የሚል ዜና ስታነቡ ይህ በስንት የከረንት አሥር እጥፍ ያህል እንደዘለቀና ሲበራ ምን ያህል ከረንት እንደሰጠ ፈልጉ። ለልምምድ የራሳችሁን ትራንዚስተር 100 ኪሎ ኦሙ ላይ ከ100 ሚሊቮልት እስከ 1 ቮልት ድገሙትና ሁለቱን ልዩነቶች ጎን ለጎን ጻፉ።