ከጣርማበር ስትወርዱ ማርሹ ይያዝላችሁ

በሞተር ሳይክል ከደብረ ብርሃን ወደ ሸዋ ሮቢት ለምትወርዱ። ከጣርማበር ጫፍ እስከ ሮቢት መንገዱ ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነ ከፍታ ወደ 1,300 ሜትር ገደማ ይወርዳል። ቁልቁለቱን ሙሉ ፍሬን ይዛችሁ ከወረዳችሁ የፍሬኑ ሸራ ይግላል። የጋለ ሸራ ደግሞ መያዝ ያቅተዋል።

ዘዴው ቀላል ነው። ያንኑ መንገድ ዳገቱን ብትወጡት የምትጠቀሙበትን ማርሽ፣ 2ኛ ወይም 3ኛ፣ ቁልቁለቱ ሳይጀምር አስገቡ። ከዚያ ነዳጅ መስጫውን ልቀቁ። ሞተሩ ራሱ ጎማውን ይይዘዋል። ፍሬኑን ለኩርባ አቆዩት፤ እሱንም ያዝ ለቀቅ እያደረጋችሁ።

ደብረ ሲና ላይ ሞተሩን አጥፉና እጃችሁን ወደ ኋላው ፍሬን አስጠጉ። እንዳትነኩት! ወላፈኑ ከተሰማችሁ እስኪበርድ ሻይ ጠጡ። ውኃ አታፍሱበት፤ የጋለ ብረት ሊሰነጠቅ ይችላል። ስልካችን የቀረንን ኪሎ ሜትር ይነግረናል፣ የፍሬኑን ሙቀት ግን አይነግረንም። ለእኔ ማሽንን መውደድ ማለት ይሄው ነው፦ ቆም ብሎ ምን እንደሆነ ማየት። ማሽኑ አዲስና ውድ ቢሆንም ይህ አይቀርለትም።

ጭጋግና ዝናብ ላይ ግን ማርሽ በድንገት አትቀንሱ፤ የኋላው ጎማ ይንሸራተታል። አንድ በአንድ ቀንሱ፣ ፍሪሲዮኑንም ቀስ ብላችሁ ልቀቁ። ዘይቱ ከቤንዚን ጋር የሚቀላቀል የቆየ ሞተር ከሆነ ደግሞ በየመሃሉ ትንሽ ነዳጅ ስጡት። ነዳጁ ሲቀንስ ዘይቱም አብሮ ይቀንስበታል።