ነጠላው ጥለቱን እንዳያጣ

ደብረ ማርቆስም ሆነ ባሕር ዳር ሰርግ ቀርጻችሁ የምታቀናብሩ ልጆች፣ ይቺን ያዙልኝ። ኮምፒውተር ላይ ያማረው ቪዲዮ ቴሌቪዥን ላይ ሲከፈት አንዳንዴ ጥቁሩ ድብን ይላል፤ ነጠላው ደግሞ ነጭ ወረቀት ይመስላል። ጥለት የለ፣ ሽመና የለ። እኔ የነቃሁት ሙሽራዋን አከሰልካት ተብዬ ነው።

ብዙ ጊዜ ካሜራው አላጠፋም። በ8 ቢት ምስል (እያንዳንዱ ቀለም 256 ደረጃ ባለው) ኮምፒውተር ጥቁርን 0፣ ነጭን 255 ይለዋል። የቴሌቪዥን ቪዲዮ ግን ጥቁርን 16፣ ነጭን 235 ላይ ያስቀምጣል። ከዚያ ውጭ የቀረው ዝርዝር ተቆርጦ ሊጠፋ ይችላል።

ስለዚህ ዓይናችሁን ብቻ አትመኑ። ማቀናበሪያ ፕሮግራማችሁ ላይ የምስሉን ብርሃን የሚለካውን፣ ዌቭፎርም የሚባለውን ግራፍ ክፈቱ። እዚያ በመቶኛ ሲለካ 0 ማለት ጥቁር፣ 100 ማለት ነጭ ነው። መጀመሪያ ጥቁሩን ያዙ፤ የሙሽራው ጥቁር ሱፍ ከ0 ትንሽ ከፍ ይበል። ቀጥሎ ነጩን አውርዱ። እኔ ነጠላና ጋቢን 90 አካባቢ አቆማቸዋለሁ።

ፊት ከጠቆረስ? ብራይትነስን አትንኩ! ሁሉንም አንድ ላይ ስለሚያነሳ ጥቁሩ አመድ ይሆናል። ኮንትራስት መጨመርም ነጠላውን መልሶ ያቃጥለዋል፤ ማለትም ጥለቱ በነጩ ውስጥ ይጠፋል። ጋማ የሚለውን በትንሹ ከፍ አድርጉ፤ እሱ በዋናነት መሀሉን ነው የሚያነሳው።

ቀረጻው ላይ ጭራሽ የተቃጠለ ነጭ ግን አይመለስም። ለእሱ መድኃኒቱ ጠዋት ግቢ ውስጥ፣ ፀሐዩ ሳይበረታ፣ ካሜራውን ትንሽ ማጨለም ነው።