ከጨረቃ ወርዶ ካልሲ ላይ፦ ፍቅርን በቀልድ እንዴት እንገጥማለን

የመጀመሪያ የፍቅር ግጥሜ ስለ ጨረቃ ነበር። ኮከብ አለበት፣ ጽጌረዳ አለበት፣ ሁለት ቦታ ላይ ደግሞ «የልቤ ንግሥት» አለበት። ፊቷ ቆሜ፣ ድምፄን ወፈር አድርጌ አነበብኩላት። እስከ መጨረሻው ዝም ብላ ሰማችኝና «ቆንጆ ነው፤ ቧንቧውን ግን አሠራኸው?» አለችኝ።

ያን ቀን ተናድጃለሁ። አሁን ሳስበው ግን ከኔ ሠላሳ ስንኝ የሷ አንድ ጥያቄ ይበልጣል። ጨረቃዋን ማንም ለማንም ሊሰጣት ይችላል። የሚንጠባጠበው ቧንቧ ግን የኛ ብቻ ነው። የሚያስቅ የፍቅር ግጥም መጻፍ የምትፈልጉ ከዚህ ጀምሩ፦ ከናንተ ቤት ውጭ ሌላ ቦታ ከማይገኝ ትንሽ ነገር።

ለአንድ ሳምንት ግጥም አትጻፉ። ስልካችሁ ላይ ማስታወሻ ክፈቱና አብራችሁት የምትኖሩት ወይም የምትወዱት ሰው የሚያደርጋትን ትንንሽ ነገር ብቻ መዝግቡ። «አምስት ደቂቃ» ብላ አርባ ደቂቃ መቆየቷን። የጥርስ ሳሙናውን ከመሃል መጭመቁን። ፊልም ስትመርጡ አምሽታችሁ ሳታዩ እንቅልፍ እንደወሰዳችሁ። «ምንም አልሆንኩም» ብላ የመዝጊያውን ድምፅ ከወትሮው ትንሽ ከፍ እንዳደረገችው። ማስዋብ የለም፣ እንዳለ ጻፉት። እኔ አንድ ጊዜ እንዲህ ስመዘግብ ማስታወሻዬን አየችውና ለሁለት ቀን አኮረፈችኝ፣ እሱንም መዘገብኩት።

ከዚያ ትልቁን ቃል ከትንሹ ዕቃ ጋር አፋጥጡት። ፍቅረኛ ሁሉ ሲምል ለጉድ ነው፤ ይሞታል፣ ይቃጠላል፣ ባሕር ያቋርጣል። ሌሊት ላይ ግን ምን እንደሚሆን እናውቃለን።

ላንቺ ሞቼ ልቅር ብሎ የማለው ሰው፣
ብርድ ልብስ ስትስቢ ምን ነው ያስለቀሰው?

የመጀመሪያውን ስንኝ ስትጽፉ አትሳቁ። የምር አድርጋችሁ ጻፉት። ብዙ ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ከመጀመሪያው ቃል ጀምሮ እየቀለደ ይገባና አንባቢው ከፍ ብሎ ሳይወጣ ምኑን ይወድቃል? መጀመሪያ ሰገነት ላይ አውጡት፣ መሰላሉን በኋላ ትወስዱበታላችሁ።

አማርኛ ለዚህ ሥራ የተመቸ ቋንቋ ነው። ግሱ ዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ፣ ማን ምን እንደሆነ ካወራን በኋላም «ታዲያ ምን አደረገ?» የሚለው እንደተንጠለጠለ ይቆያል። ቀልድም የሚፈልገው ይህንኑ ነው። ስለዚህ የሚያስቀውን ቃል መሃል ላይ አታባክኑት፣ ወደ ስንኙ ጫፍ ግፉት። ከሱ በኋላ ማብራሪያ ከመጣ አለቀለት።

አንዱን ከነረቂቁ ላሳያችሁ። መልእክት ልኬ፣ ማየቷ እየታየኝ፣ መልስ ግን አልመጣም። መጀመሪያ የጻፍኩት ይህን ነው፦

መልእክቴን አይተሽው መልስ ስላልሰጠሽኝ፣
በጣም ተናደድኩኝ፣ ሆድም በጣም ባሰኝ።

ቤት ይመታል፣ ልኩም ልክ ነው፣ ግን ሬሳ ነው። ስሜቴን እየተናገርኩ ነው እንጂ ምንም አላሳየሁም። እንደዚህ ሲገጥማችሁ ራሳችሁን አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ያን ቀን በእጄ ምን አደረግኩ? እኔ ስልኬን አጠፋሁ፣ አበራሁ፣ ኔትወርክ አየሁ፣ ቻርጅ ሰካሁ። ስልኩ የታመመ መስሎኝ ነበር። ወይም እንዲመስለኝ ፈልጌ ነበር።

መልእክቴን አይተሽው መልስ ስላልሰጠሽኝ፣
ስልኬን አስመርምሬ «ጤነኛ ነው» አሉኝ።

መናደድ የሚል ቃል የለም። መከፋት የሚል ቃል የለም። ሕመምተኛው ስልኩ ካልሆነ ማን እንደሆነ ግን አንባቢው ራሱ ይደርስበታል። እሱ ሲደርስበት ነው የሚስቀው፤ እናንተ ስትነግሩት «እሺ» ነው የሚላችሁ።

አሁን ስለ ልኩ። ከላይ ያሉት ሁለቱ ግጥሞች ወል ቤት በሚባለው ምጣኔ የተገጠሙ ናቸው፤ ስንኙ አሥራ ሁለት ቀለም (ማለትም በአንድ ምት የሚወጣ ድምፅ) ሆኖ መሃል ላይ ስድስት ለስድስት ይከፈላል። በጣት ነው የሚቆጠረው። ስል-ኬን-አስ-መር-ም-ሬ፣ ስድስት። ጤ-ነ-ኛ-ነው-አ-ሉኝ፣ ስድስት። ፊደሉን ሳይሆን የምትሰሙትን ቁጠሩ፤ «ስል» ሁለት ፊደል ናት፣ አፍ ላይ ግን አንድ ምት ነች፣ ሳድሷ «ል» ከፊቷ ካለችው ጋር ተለጥፋ ታልፋለች። የሚያሳፍር ነገር አይደለም፣ እኔ ታክሲ ውስጥ ሆኜ ጠረጴዛ እንደሚመታ ሰው ጉልበቴን ስነካካ ጎኔ ያለው ሰው ቦታ ቀይሮ ያውቃል።

ነገሩ ቶሎ እንዲያልፍ ከፈለጋችሁ አምስት ለአምስት የሚሄደው ሰንጎ መገን አለ። ትንሽ ሐዘን ላላት ትንሽ ነገር ይሄ ይሻላል፦

ካልሲዬ ቀረ አንዱ ብቻውን፣
እሱም እንደኔ ሄዳበት ይሆን?

(ማንም አልሄደችብኝም። ግጥም ውስጥ ያለው «እኔ» የግድ እናንተን መሆን የለበትም። ይህን ግን ለሷ አስቀድማችሁ ንገሯት።) ከሁለቱ የሚያጥር አራት ለአራት፣ ቡሄ በሉ የሚባለውም አለ፤ ለልጅ ማስቂያ ጥሩ ነው፣ ለፍቅር ግን ትንፋሹ ያጥራል እላለሁ። ልክ የሌለው ልቅ ግጥምም መጻፍ ትችላላችሁ። ችግሩ ቀልድ ቀጠሮ ይወዳል፤ ጆሮ የት ላይ እንደሚያርፍ ካላወቀ የት ላይ እንደሚስቅም አያውቅም።

ቤት መምታት ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ግሱ መጨረሻ ላይ ስለሚውል «ናፍቀሽኛል»፣ «ደክሞኛል»፣ «ርቦኛል» እያላችሁ እስከ ንጋት መግጠም ትችላላችሁ። ቀላል ነው፣ ለዚህም ነው የሚሰለቸው። ሦስተኛው «ኛል» ላይ አንባቢው ቀድሟችሁ ይደርሳል። ስም ከግስ ጋር አጋቡ። «ሰው» እና «ያስለቀሰው» የሚጥሙት አንዱ ሌላው ሆድ ውስጥ ተደብቆ ስለተገኘ ነው። ልክ ለመሙላት ብቻ «እኮ»፣ «እንዴ»፣ «ነኝና» የምትሰኩም ተዉ፤ ያስታውቃል።

ሰምና ወርቅ ለከባድ ነገር ብቻ ነው ያለው ማነው? ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ድምፅ ስለማያሳይ በነጻ የተሰጠን የቀልድ መሣሪያ አለን፦

ስጦታሽ ቀበቶ እኔኑ ይመስላል፣
ቀን በሄደ ቁጥር ይበልጥ ይጠብቃል።

ኅብረ ቃሉ፣ ማለትም ሁለቱን ትርጉም የያዘው ቃል፣ «ይጠብቃል» ነው። «ብ»ን አላልታችሁ ስታነቡት ቀበቶው ጠበበ፣ ማለትም ሰውዬው ወፈረ። አጥብቃችሁ ስታነቡት ደግሞ ምስኪኑ ቆሞ እየጠበቃት ነው። ልብ በሉ፣ ሲላላ ነው የሚጠብቀው! ይህን ሳገኝ ብቻዬን ስቄያለሁ። እንዲህ ያለ ቃል ስታገኙ ግን ጮክ ብላችሁ ስታነቡ አንዱን መምረጥ እንዳለባችሁ አትርሱ። የላላውን አንብቡና ትንሽ ዝም በሉ። ሌላው ራሱ ይመጣል። ካልመጣም ለዓይን እንጂ ለመድረክ አልሆነም ማለት ነው፣ ጽፋችሁ ላኩት።

በማን ላይ ነው የምንስቀው? በራሳችሁ ጀምሩ። ከላይ ያሉትን እዩአቸው፦ የሚያለቅሰው እኔ፣ ስልክ የሚያስመረምረው እኔ፣ የወፈረውም እኔ። እሷ ብርድ ልብስ ከመሳብና መልስ ካለመስጠት ሌላ ጥፋት የለባትም። በሰው መልክ፣ በሰው ቤተሰብ፣ በምስጢር በነገረችህ ነገር ላይ የተገጠመ ግጥም ሌላው ሰው ስቆበት እሷ ካልሳቀች፣ ወንድሜ፣ ያ ቀልድ ሳይሆን አቤቱታ ነው። ከመለጠፍህ በፊት አንብብላት። ሴቶችም እንደዚሁ፤ ስለ ማንኮራፋቱ ስትገጥሚ ስሙን አትጥሪ፣ ለመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ጨዋታ ይሆናል።

ስትጨርሱ ጮክ ብላችሁ ለአንድ ሰው አንብቡ፤ ግጥም ለማይወድ ሰው ቢሆን ይመረጣል። ፊቱን ሳይሆን የሚስቅበትን ቦታ ተከታተሉ። ካሰባችሁት ቃል በፊት ከሳቀ፣ ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ ቁረጡት፣ ቢያሳዝናችሁም። ጨርሶ ካልሳቀ አታብራሩለት። ወደ ማስታወሻችሁ ተመለሱና ሌላ ዕቃ ፈልጉ።

እኔም ከብዙ ጊዜ በኋላ ወደ ቧንቧው ተመለስኩ። ያን ጊዜ የምለውን አጥቼ ጨረቃ ላይ ስንጠላጠል የነበርኩበት ጉዳይ ሁለት ስንኝ ሆኖ ወጣ፦

ቧንቧው እያነባ ሌቱን ሙሉ አድሯል፣
ግጥሜን እስክጨርስ ባልዲው ቀድሞኝ ሞልቷል።

ላክሁላት። ይሄኛውን ወዲያው መለሰችልኝ። መጀመሪያ የሳቅ ምልክት፣ ቀጥሎ የቧንቧ ሠራተኛ ስልክ ቁጥር።