የቡና ገንዘብ ድሃው ቤት መግባቱን እንዴት እንለካለን?

በወረዳ ደረጃ የሚቀርብ የምርትና የገቢ ዕድገት አኃዝ ስንት ቤተሰብ ከድህነት ወለል በላይ እንደወጣ አይነግርም። በኢትዮጵያ ከድህነት ወለል በታች የሚኖረው ሕዝብ በ1988 ዓ.ም. ከነበረበት 45.5 በመቶ በ2008 ዓ.ም. ወደ 23.5 በመቶ ወርዷል፤ የኑሮ ልዩነትን የሚለካው የጂኒ መጠን ደግሞ በ2003 ዓ.ም. ከነበረበት 0.30 ገደማ በ2008 ዓ.ም. ወደ 0.33 ከፍ ብሏል። ድህነት እየቀነሰ ልዩነት ሊሰፋ ስለሚችል ሁለቱን ለየብቻ መለካት ያስፈልጋል። ይህ መመሪያ በጅማ ዞን ቀበሌዎች ለሚሠሩ የልማት ሠራተኞችና ለማኅበራት ሒሳብ ያዦች የተዘጋጀ ነው።

መዝገቡን ሲከፍቱ ቤተሰቦችን በሚሸጡትና በሚገዙት ነገር ይለዩ። በጎማ ወይም በማና ወረዳ የራሱ የቡና ማሳ ያለው ገበሬ እሸቱን ለማጠቢያ ጣቢያ ቢያቀርብም፣ አድርቆ ጀንፈል (ከነገለባው የደረቀ ቡና) ቢሸጥም፣ የቡና ዋጋ ሲወደድ ይጠቀማል። ማሳ የሌለው ለቃሚ ግን የሚከፈለው በለቀመው ኪሎ ነው፤ ቀለቡንም ከገበያ ስለሚገዛ የበቆሎ ዋጋ ከለቀማ ክፍያው ቀድሞ ከጨመረ፣ ቀበሌው «አደገ» በተባለበት ዓመት የእርሱ ቤት ወደ ኋላ ይቀራል። ሁለቱን በአንድ ዓምድ የደመረ መዝገብ ይህን ይሸፍነዋል።

ቀጥሎ ከገቢ ይልቅ ፍጆታን ይጠይቁ። ገቢ ይረሳል፣ አንዳንዴም ይደበቃል፤ ቤተሰቡ ባለፈው ሳምንት የበላው ግን ይታወሳል። ከጓሮ የተበላውን እህልና ጎመን በአካባቢው ገበያ ዋጋ ተምነው ይደምሩ። ጥያቄውን በኅዳርና በታኅሣሥ፣ የቡና ገንዘብ እጅ ላይ ባለበት ወቅት ብቻ ማቅረብ መረጃውን ያዛባል፤ በሐምሌና በነሐሴ፣ ጎተራ በሚራቆትበት ጊዜ ተመልሶ መጠየቅ ግድ ነው። ሕፃንና አዋቂ እኩል ስለማይመገቡ ድምሩን ለአዋቂ አቻ (ሕፃናት እንደ ዕድሜያቸው ከአንድ አዋቂ ባነሰ ድርሻ ተቆጥረው ለሚገኘው የቤተሰቡ ቁጥር) ያካፍሉ፤ የአገሪቱ የድህነት ወለልም የተሰላው አንድ አዋቂ በቀን 2,200 ኪሎ ካሎሪ ለማግኘትና ከምግብ ውጭ ያሉ መሠረታዊ ፍላጎቶቹን ለማሟላት የሚያስፈልገውን ወጪ መነሻ አድርጎ ነው። የሁለት ዓመታት ውጤት ሲነጻጸር የዋጋ ንረቱን ማውጣት አይዘንጋ፤ ይህ ሳይደረግ የሚገኘው «ዕድገት» ከብር መርከስ ያለፈ ላይሆን ይችላል።

ስሌቱን በምሳሌ እንመልከት። የአምስት ቤተሰቦች ዓመታዊ ፍጆታ ለአንድ አዋቂ 20፣ 24፣ 30፣ 40 እና 86 ሺህ ብር፣ የድህነት ወለሉ ደግሞ 27 ሺህ ብር ነው እንበል። አማካዩ 40 ሺህ ነው፤ ሁለቱ ቤተሰቦች ድሃ ናቸው፤ ወለሉ ላይ ለመድረስ የሚጎድላቸውም 7 እና 3፣ በድምሩ 10 ሺህ ነው። በዓመቱ የዋጋ ንረት ከተቀነሰ በኋላ ፍጆታቸው 20፣ 25፣ 31፣ 44 እና 110 ሺህ ሆነ። አማካዩ 46 ሺህ ስለደረሰ ዕድገቱ 15 በመቶ ነው፤ ድሆቹ ግን አሁንም ሁለት ናቸው፤ ጉድለቱም 9 ሺህ ነው። ያው 15 በመቶ ለሁሉም እኩል ደርሶ ቢሆን ሁለተኛው ቤት 27.6 ሺህ ደርሶ ከወለሉ በወጣ፣ ጉድለቱም ወደ 4 ሺህ በወረደ ነበር። ጉድለቱን መደመር የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው፤ ቆጠራ ብቻ ሲሆን በጣም የደኸየውን ትቶ ወለሉ ጫፍ ላይ ያለውን መርዳት የተሻለ ሥራ ይመስላል።

የምጣኔ ሀብት ባለሙያው ሳይመን ኩዝኔትስ በ1955 እ.ኤ.አ. ልዩነት በዕድገት መጀመሪያ እንደሚሰፋና በኋላ እንደሚጠብ መላምት አቅርቦ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የተሰበሰበው የብዙ አገሮች መረጃ ግን ይህን እንደ ሕግ አላጸናውም። ስለዚህ «ጊዜው ሲደርስ ራሱ ይስተካከላል» የሚለውን መከራከሪያ በሪፖርት ውስጥ ማስገባት ተገቢ አይመስለኝም። ይልቅ ለባለማሳና ለለቃሚ ቤተሰቦች የድሆችን ቁጥር፣ የጉድለቱን ድምርና ቤተሰቦቹ ከዝቅተኛ ወደ ከፍተኛ ፍጆታ ሲደረደሩ መሐል ላይ የሚገኘውን ቤተሰብ ፍጆታ ለየብቻ ይጻፉ፤ ከየአኃዙም አጠገብ ጥያቄው የቀረበበትን ወርና የዚያን ወር የበቆሎ ዋጋ ያስፍሩ።