ለጀማሪ ልጅ የሙዚቃ ማቀናበሪያ ሶፍትዌር እንዴት እንደሚመረጥ

የእህቴ ልጅ 15 ዓመቱ ነው። ቤታቸው አራት ኪሎ ነው። ክረምት ላይ ትምህርት ተዘግቶ፣ አንድ ማታ እራት እየበላን «አክስቴ፣ ቢት መሥራት መማር ፈልጌ ነበር። የቱን ሶፍትዌር ልጫን?» አለኝ። እናቱ ወደ እኔ ዞረች። እኔ ለዓመታት ቤቴ ውስጥ ለራሴ ስቀዳና ሳቀናብር ስለኖርኩ፣ አንድ ስም ጠርቼ የምገላገል መስሏታል።

ስም መጥራቱ ቀላል ነበር። ግን በተነገራቸው ስም ጀምረው በሁለት ሳምንት የተዉ ልጆች አይቻለሁ። ሰንፈው አይደለም። ሶፍትዌሩ ወይ ቤት ላለው ላፕቶፕ ከብዶ ነው፣ ወይ እነሱ የፈለጉትን ነገር የማይሠራ ሆኖ ነው። ስለዚህ ከልጁ ጋር ቁጭ ብለን በቅደም ተከተል መረጥን። ለሌላ ወላጅ፣ ለሌላ አክስትም ይጠቅማል ብዬ እንዳደረግነው ጻፍኩት።

አንደኛ፦ ልጁ ምን መሥራት እንደሚፈልግ ስሙት

«ሙዚቃ መሥራት እፈልጋለሁ» ሲባል ብዙ ነገር ሊሆን ይችላል። አንዱ ከበሮና ቤዝ መደርደር፣ ልጆቹ ቢት የሚሉትን፣ ማለቱ ነው። ሌላዋ መዝፈን ማለቷ ነው። ጊታሩን መቅዳት የሚፈልግም አለ። ሰሞኑን ደጋግሞ የሚሰማቸውን ሦስት ዘፈኖች ያሰማችሁ። ከዚያ «ከዚህ ውስጥ አንተ ብትሠራው ደስ የሚልህ የቱ ጋ ነው?» ብላችሁ ጠይቁት።

የእኛ ልጅ መልሱ ሁለት ነበር። በችክችካ ምት ቢት መሥራት ይፈልጋል። በላዩ ላይ ደግሞ አያቱ የሚጫወቱትን ክራር መቅዳት ይፈልጋል።

ይህን ሁለተኛውን ልብ በሉ። በማይክ ድምፅ የማይቀዱ ሶፍትዌሮች አሉ። ኤልኤምኤምኤስ የሚባለው ነፃ ነው፤ ለደካማ ኮምፒውተርም ይሆናል። ግን ድምፅ አይቀዳበትም። ኤፍኤል ስቱዲዮም ፍሩቲ በሚባለው ርካሽ ዕትሙ ለብዙ ዓመታት መቅዳት አይፈቅድም ነበር። ስለዚህ የምትከፍሉበት ከሆነ፣ የመረጣችሁት ዕትም ድምፅ እንደሚቀዳ አስቀድማችሁ አረጋግጡ። ቢት ብቻ ለሚሠራ ልጅ ችግር የለውም። ለሚዘፍንና መሣሪያ ለሚጫወት ልጅ ግን ይህ ከሁሉም ይበልጣል።

ሁለተኛ፦ ቤት ያለውን ዕቃ ተመልከቱ

አዲስ ላፕቶፕ እስኪገዛ መጠበቅ አያስፈልግም። ልጁ የጓጓው ዛሬ ነው።

ቤት ውስጥ አይፎን ወይም ማክ ካለ ብዙ አታስቡ። ጋራዥባንድ ነፃ ነው፣ ይቀዳል፣ ከበሮና ፒያኖም ከውስጡ አለው። በእሱ ጀምሩ።

ያለው አንድሮይድ ስልክ ብቻ ከሆነ ባንድላብን ሞክሩ። ነፃ ነው፤ በስልክም በኮምፒውተር ብራውዘርም ይሠራል። ሁለት ነገር ግን ልንገራችሁ። ሥራው የሚቀመጠው ኢንተርኔት ላይ ስለሆነ ፓኬጅ ይበላል። ደግሞም ሰዎች ሥራቸውን የሚያጋሩበት፣ የማያውቁት ሰው አስተያየት የሚጽፍበት ቦታ ነው። የልጁን ሥራ ለራሱ ብቻ እንዲታይ አድርጋችሁ አብራችሁት አስተካክሉ።

ዊንዶውስ ላፕቶፕ ካለ ራሙን፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ሲሠራ የሚጠቀምበትን ጊዜያዊ ማስታወሻ፣ እዩ። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጫኑ። በሚከፈተው መስኮት ላይ ፐርፎርማንስ፣ ከዚያ ሜሞሪ በሉ። 8 ጊጋ ከሆነ ለጀማሪ የሚሆነው ሁሉ ይሠራል። 4 ጊጋ ከሆነ ቀለል ያለ መምረጥ ይሻላል። የእኛ ልጅ ከእናቱ የወረሰው ላፕቶፕ 4 ጊጋ ነበር።

ባትሪውንም ፈትኑ። ቻርጀሩን ነቅላችሁ ስንት ደቂቃ እንደሚቆይ እዩ። መብራት በሄደ ቁጥር የሚጠፋ ላፕቶፕ ከሆነ በራሱ ጊዜ እየቆጠበ ሴቭ የሚያደርግ ሶፍትዌር ምረጡ፤ ቅንብሩ ውስጥ ገብታችሁም አብሩት። የሁለት ሰዓት ሥራው በአንድ አፍታ የጠፋበት ልጅ ሁለተኛ ለመቀመጥ ይከብደዋል።

ሦስተኛ፦ ከሁለት በላይ ዕጩ አትያዙ

የአዲስ አበባ ልጅ «ቢት» ካለ ቀጥሎ የሚጠራው ኤፍኤል ስቱዲዮን ነው። ምክንያት አለው። ኢሜጅ ላይን የሚባል የቤልጂየም ድርጅት በ1997 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ፍሩቲሉፕስ ብሎ ሲያወጣው ጀምሮ፣ ከበሮን በትንንሽ ሳጥኖች መደርደር በጣም ቀላል ነው። ሳጥኑን ትነካለህ፣ ይመታል። ልጅ በአምስት ደቂቃ ውስጥ የሆነ ነገር ይሰማል። አንዴ የገዛ ሰው የሚቀጥሉትን ዕትሞች ያለ ተጨማሪ ክፍያ ያገኛል። ዩቲዩብ ላይም በአማርኛ የሚያስተምሩበት አሉ። የክፍል ጓደኛው የሚጠቀምበት ከሆነማ ትልቅ ነገር ነው፤ ሲቸግረው አጠገቡ የሚጠይቀው ሰው አለው።

የነፃ ሙከራው ግን አንድ ነገር ይከለክላል። የሠራኸውን ሴቭ ታደርጋለህ፤ ሳትገዛ ግን መልሰህ ልትከፍተው አትችልም። ይህን ያልተነገረው ልጅ በማግስቱ ፋይሉ እምቢ ሲለው ያለቅሳል። ሙከራው ላይ እያለ አንዱን ቢት በአንድ መቀመጫ ጨርሶ ወደ ኤምፒስሪ፣ ማለትም ስልክ ላይም ወደሚሰማ የድምፅ ፋይል፣ ያውጣው። ይህን ሙከራውም ይፈቅዳል።

ሁለተኛው ዕጩዬ ሪፐር ነበር። ማውረጃው 15 ሜጋ አካባቢ ነው፤ ከአንድ አጭር ቪዲዮ ያንሳል። በደካማ ላፕቶፕ ላይ ይሮጣል፣ ድምፅ በደንብ ይቀዳል። ለ60 ቀን ሙሉ በሙሉ በነፃ ይሞከራል፤ ከዚያ የግለሰብ ፈቃዱ 60 ዶላር ነው። ድክመቱን አልደብቅም። ከውስጡ የሚመታ ከበሮ፣ የሚጫወት ፒያኖ ይዞ አይመጣም ማለት ይቻላል። ልጁ ሲከፍተው ግራጫ ባዶ ገጽ ነው የሚያየው። ድምፆችን ከሌላ ቦታ ማምጣት ወይም ራሱ መቅዳት አለበት።

ኤብልተን ላይቭ የሚባለው ሌላ ሶፍትዌርም በጣም ጥሩ ነው። ግን ለ4 ጊጋ ራም ስለሚከብድ እኛ አልሞከርነውም።

አራተኛ፦ የክፍያውን ነገር ሳይጫን በፊት ተነጋገሩ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ብዙ ልጅ ጋ ሶፍትዌሩ የሚገባው በፍላሽ ነው፣ ክራክ ተደርጎ፣ ማለትም ሳይከፈልበት እንዲሠራ መቆለፊያው ተሰብሮ። እኔም ከዓመታት በፊት ከአንድ ሱቅ እንደዚያ አስጭኜ ነበር። ሲጭኑልኝ አንቲቫይረሱን አጠፉት። በሳምንቱ ፋይሎቼ አልከፈት አሉ፤ የሁለት ዓመት ቅጂዬ አብሮ ሄደ። እስካሁን ይቆጨኛል።

ሌላም ምክንያት አለኝ። ይህ ልጅ ነገ የራሱን ሥራ ሌላ ሰው እንዲያከብርለት ይፈልጋል። ሙዚቃውን የሚጠብቅለት የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ፣ ቁጥር 410/1996፣ የኮምፒውተር ፕሮግራምንም ይጠብቃል። ይህን በ15 ዓመቱ ቢያውቅ ጥሩ ነው።

ከዚህ ሆኖ በዶላር መክፈል ለብዙዎቻችን ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። እኛ ያገኘነው መንገድ ቀላል ነበር። ለበዓል ጫማ የሚልክ ውጭ አገር ያለ ዘመድ አለ። በጫማው ፋንታ የሶፍትዌሩን ፈቃድ ገዝቶ ቁልፉን በኢሜይል እንዲልክለት መጠየቅ ይቻላል። ያ ካልሆነ ነፃ በሆነው ይቀጥል። ነፃውም ይበቃዋል።

አምስተኛ፦ በሁለቱም ላይ ያንኑ ትንሽ ሥራ ይሥራ

ምርጫው እዚህ ላይ ነው የሚለየው። ለእያንዳንዱ ሶፍትዌር ሁለት ምሽት ስጡት። ሥራው ግን አንድ ዓይነት ይሁን።

መጀመሪያ ምቱን ያስተካክል። ሶፍትዌሮቹ ሲከፈቱ በአራት የሚቆጠር ምት ላይ ናቸው። ችክችካ በ6/8 ነው የሚቆጠረው። ልጁ መጀመሪያ ጠረጴዛ ላይ በእጁ ይምታው፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት፣ ስድስት እያለ። ከባዱን ምት አንድና አራት ላይ ያድርግ። ጭብጨባውን ራሱ እስክስታ ቢወርድበት የት እንደሚወድቅ ይፈልግ። ከዚያ ያንኑ ወደ ሶፍትዌሩ ያስገባ። 6/8ን ለማግኘት ስንት ደቂቃ ፈጀበት? እሱን ጻፉት።

ቀጥሎ በትዝታ ቅኝት አጭር ዜማ ያስገባ። ከዶ ቢነሳ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። አምስቱም የፒያኖው ነጫጭ ቁልፎች ላይ ስለሆኑ ለጀማሪ ይመቻል። ሌሎቹ ቅኝቶች፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ፣ ይቆዩ፤ አምባሰልና አንቺሆዬ ከዶ ሲነሱ ጥቋቁሩን ቁልፍ ይፈልጋሉ።

ከዚያ ድምፅ ይቅዳ። ክራር ከሆነ አንድ ነገር አትርሱ። አያቱ ክራሩን የሚቃኙት በጆሯቸው ነው እንጂ ከኮምፒውተሩ ጋር አይደለም። ያንን በሶፍትዌሩ ፒያኖ ላይ ብትደርቡት ይጣላል። መጀመሪያ የሶፍትዌሩን ዶ አሰሟቸው፣ በእሱ ላይ ይቃኙት። እኛ ይህን ሳናውቅ አንድ ምሽት ሙሉ አጠፋን፤ ልጁም ማይኩ የተበላሸ መስሎት ነበር።

ሲቀዳ ብሉቱዝ ኢርፎን አይጠቀም። ድምፁ ዘግይቶ ስለሚደርስ ሁልጊዜ ከምቱ ወደ ኋላ ይቀራል። ገመድ ያለው ርካሽ ኢርፎን ይሻላል። ዊንዶውስ ላይ እንደዚያም ሆኖ ከዘገየ፣ አሲዮ ፎር ኦል የሚባለውን ነፃ ድራይቨር (ሶፍትዌሩን ከኮምፒውተሩ የድምፅ ዕቃ ጋር የሚያገናኝ ትንሽ ፕሮግራም) መጫን ብዙ ጊዜ ያስተካክለዋል። ክፍሉ የሚያስተጋባ ከሆነ ደግሞ ጋቢ ከጀርባ ስቀሉ።

በመጨረሻ ዘግቶ፣ መልሶ ከፍቶ፣ ኤምፒስሪ አውጥቶ በቴሌግራም ይላክላችሁ። የኤፍኤል ሙከራ ላይ መልሶ መክፈት ስለማይቻል ሳይዘጋው ያውጣ።

እናንተ አጠገቡ ሆናችሁ እዩት፣ ማውዙን ግን አትንኩ። ሲጠፋበት ራሱ ፈልጎ ያገኛል ወይስ ስልኩን ያነሳል? እናቱ ለእራት ስትጠራው «አንዴ ቆይ» የሚለው በየትኛው ላይ ነው?

የእኛ ልጅ በኤፍኤል የመጀመሪያው ምሽት ላይ ፈነደቀ። በሪፐር የመጀመሪያው ምሽት ተሰላቸ፤ «አክስቴ፣ ይሄ ባዶ ነው» አለኝ። በሁለተኛው ምሽት ግን አያቱ ክራራቸውን ይዘው መጡ። ቀዳቸው። ከበሮ ስላልነበረው የጀሪካን ቂጥ፣ ጭብጨባና ጠረጴዛ ቀድቶ ራሱ ከበሮ ሠራ። ያን ማታ ሦስቴ ተጠርቶ ነው እራት የቀረበው። ሪፐርን መረጠ። የሌላ ቤት ልጅ ኤፍኤልን ወይም ባንድላብን ሊመርጥ ይችላል፤ ፈተናው ይነግራችኋል።

ስድስተኛ፦ ከተመረጠ በኋላ

ለስድስት ወር አይቀይር። ምት መደርደር፣ መቁረጥ፣ ድምፅ ማመጣጠን ሁሉም ጋ አንድ ነው። ሚዲ የሚባለው የኖታ ቋንቋ ከ1983 ጀምሮ የጋራ ስለሆነ፣ በኋላ ሌላ ሶፍትዌር ቢወስድም ዜማዎቹ አብረውት ይሄዳሉ።

ትንሽ ብር ከተገኘ መጀመሪያ ጥሩ ባለገመድ ሄድፎን ግዙለት። ማይክና ኪቦርድ ከዚያ በኋላ ይደርሳሉ።

ሥራውን በየሳምንቱ ፍላሽ ላይ ይገልብጥ። ፋይሉን «አዲስ»፣ «አዲስ 2» ብሎ አይሰይመው። ቀኑንና ቅኝቱን ይጻፍበት።

ባለፈው ቅዳሜ ማታ ሄጄ ነበር። መብራት ሄዶ ቤቱ በሻማ ነው። ላፕቶፑ ባትሪው 20 ከመቶ ደርሷል፤ ልጁ ቶሎ ቶሎ ኤምፒስሪ እያወጣ ነው። ሲጨርስ በስልኩ አሰማን። አያቱ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው እስከ መጨረሻው ሰሙ። ከዚያ ክራራቸውን ከግድግዳው አወረዱና «መጨረሻው ላይ ቸኩያለሁ። መብራት ሲመጣ እንደገና ቅዳኝ» አሉት።